ማን ይንገራት? (የወጣቶች ልብ ወለድ ረቂቅ፣ ምዕራፍ 13 ላይ ምክር ፈልጌ)

የቆጪ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ረቂቄን ስትከታተሉ የቆያችሁ አላችሁ፤ ላልተከታተላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፎዚያና ሜሮን የጅማ ልጆች ናቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ ቤታቸውን የሚለየው አንድ አጥር። ፎዚያ ልጅ ሆና ቶንሲል ይመላለስባት ነበር። አንድ ክረምት ጉልበቷን አመማት፣ እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ክርኗን። "ስታድግ ይተዋታል" ተባለና ታለፈ። ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ የትምህርት ቤቱን ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ነው የልቧ ቫልቭ መጎዳቱ የታወቀው። አስራ አንደኛ ላይ ትምህርቷን አቋረጠች፤ ሜሮን ቀጠለች።

ታሪኩ የሚያልቀው ጥቅምት 2015 ላይ ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ያኔ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ስልክ ይዞ መግባት የለም። ሜሮን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለሆነች በሁለተኛው ዙር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ፈተናው በተጀመረ በመጀመሪያው ሌሊት ፎዚያ ታርፋለች። በነጋታው ከዙህር በኋላ ትቀበራለች። ሜሮን ያን ሰዓት ወረቀት ላይ አቀርቅራለች፤ ከሰፈሯ ባጃጅ ተይዞ ወዲያው የሚደረስበት ቦታ ሆና ምንም አታውቅም።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም አይነግራትም። ፈተናው አልቆ ስትወጣ አባቷ በር ላይ ይቀበሏታል፣ "እንዴት ነበር ፈተናው?" ይሏታል፣ ቤት ወስደው ያበሏታል፣ ትተኛለች። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባና መርዶው ይነገራታል።

ይህን ስጽፍ አባትየውን እወዳቸው ነበር። ደግሜ ሳነበው ጠላኋቸው። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ከመርዶው በኋላ ሜሮንን የት ላስቀምጣት? እህት አይደለችም፣ ዘመድ አይደለችም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ለጓደኛ የተለየ ቦታ አላየሁም።

ጡረተኛው መምህር ከሰቃ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ልጄ፣ አባትየው ትክክል ናቸው። ምንም አትንኪው። አስራ ሁለት ዓመት የተለፋበት ፈተና ነው። የሞተ ሰው አይመለስ፤ ልጅቷ ሰምታ ምን ታደርጋለች? ጥላ ትወጣለች፣ ወይም ወረቀቱ ላይ አልቅሳ ትመለሳለች። መርዶ ሌሊት የሚነገረው፣ በሰው ተከብቦ የሚነገረው በምክንያት ነው። ብቻዋን እንዳትሰማው፣ ስትወድቅ የሚይዛት እንዲኖር ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያበጁ ሰው ገብቷቸው ነው ያበጁት።

በማስተማር ዘመኔ እናቱ ሞታበት ፈተና ላይ የተቀመጠ ልጅ አይቻለሁ። ዘመዶቹ ለእኛ ነግረውን ለእሱ እንዳንነግር ለመኑን። ተፈትኖ አለፈ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው።

ገና አስራ ስምንት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

እና ጋሼ፣ ያ ልጅ ኋላ ምን አለ? ጠይቀውት ያውቃሉ?

እኔ ብሆን አባቴን ዕድሜ ልኬን ይቅር አልለውም። ፈተና በሚቀጥለው ዓመት አለ። የጓደኛዬ ቀብር በሚቀጥለው ዓመት የለም።

ጡረተኛው መምህር ከሰቃ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

አልጠየቅሁትም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ ልጄ።

ነርስ ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያየሁት። ስለ መርዶው ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ የማውቀውን ልጨምርልሽ።

የፎዚያ ሕመም በደንብ የታሰበ ነው። ባክቴሪያው ያመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያና ልብ መውጋት ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከአምስት እስከ አስራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ይዞራል፣ ከዚያ ይለቃል፤ ቤተሰብ ዳነች ብሎ ይረሳል። ልቡ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ሥራውን አይተውም። በረቂቅሽ አያቷ እንጥሏን ማስቆረጣቸው እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ ቶንሲል ሲባል ወደዚያ የሚሮጥ አለ። እንጥል መቆረጡ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ በፔኒሲሊን የሚድን ነገር ነበር።

የጎደለው መርፌው ነው። በሽታው እንዳይመለስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይወጋሉ፣ ለብዙ ዓመት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ። መድኃኒቱ ወፍራም ነው፣ መርፌውን ይደፍነዋል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። የተወጋች ልጅ ባጃጅ ላይ በአንድ ጎኗ ነው የምትቀመጠው። ይህን ሜሮን ማየት አለባት።

በመጨረሻዎቹ ወራት ፎዚያ ተዘርግታ መተኛት አትችልም። ትራስ ደርድራ፣ ተደግፋ ነው የምትተኛው፤ ሌሊት ሳል ይነሳባታል፣ መስኮት ክፈቱልኝ ትላለች። ማታ እግሯ ላይ ጣትሽን ብትጫኚ ስርጉዱ ይቆያል። ጠዋት ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ ኪኒን) ትውጣለች፤ ትምህርት ቤት በነበረች ጊዜ በየክፍለ ጊዜው "ልውጣ?" የምትለው በእሱ ነው። መምህሩ ደግሞ ቢከለክላትስ? እዚያ ጥሩ ትዕይንት አለ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ወረፋ ላይ ማስቀመጥሽ ጥሩ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ቫልቭ ቢቀየርላት ደግሞ ነገሩ አያልቅም፤ ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትጀምራለች፣ ደሟ በየጊዜው ይለካል፣ ጎመን እንኳ ዛሬ ብዙ ነገ ምንም እያለች መብላት አትችልም።

አራሚ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

እህታችን ነርሷ የነገረችሽን ሁሉ አትጻፊው። መርፌዋንና ትራሶቹን ውሰጂ፣ ሌላውን ለራስሽ እወቂው። አለዚያ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተነቀለ ፖስተር ይሆናል።

የኔ ትልቁ ቅሬታ ምዕራፍ 15 ነው። ፎዚያ ትታው የሞተችውን ደብዳቤ አውጪው። አራት ገጽ ሙሉ "ስትስቂ አስታውሺኝ፣ ዝናብ ሲዘንብ አስታውሺኝ" የምትል የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ የለችም። ትንፋሽ ያጠራት ልጅ አራት ገጽ አትጽፍም።

ገና አስራ ስምንት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:41

ደብዳቤውን እንዳትነኪው!!! እኔ እሱ ላይ ነው ያለቀስኩት።

አራሚ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:58

ማልቀስሽ አይገርመኝም፤ እንዲያስለቅስ ነው የተጻፈው። አንባቢን ማስለቀስ ቀላል ነው፣ ልጅ ገድለሽ ደብዳቤ ማስነበብ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ካለቀስሽ በኋላ ፎዚያን ማወቅሽን ነው። ፎዚያ ምን ትወዳለች? ማንን ትጠላለች? ከደብዳቤው ንገሪኝ እስቲ።

ገና አስራ ስምንት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:20

...ሜሮንን ትወዳለች።

እሺ ገባኝ። ግን አታውጪው፣ አሳጥሪው።

የወር መርፌ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:05

ብዙ ጊዜ እዚህ አንብቤ ዝም ነው የምለው። ዛሬ ግን ልጻፍ። ፎዚያ የያዛት ነገር እኔንም ይዞኛል። ልጅ ሆኜ ነው የጀመረኝ፤ እስከ ዛሬ እወጋለሁ።

ፎዚያን ጥሩ ልጅ አድርገሻታል። በጣም ጥሩ። ሜሮን ስትሮጥ ዳር ቆማ ታጨበጭባለች፣ ሜሮን አንደኛ ስትወጣ በደስታ ታለቅሳለች፣ ለእናቷ "አይዞሽ" የምትለው እሷ ናት። እኔ እንደዚያ አልነበርኩም። ጓደኛዬ ደብተሯን ይዛልኝ ስትመጣ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ አይቼ እናደድ ነበር። እሷ በዝናብ ሮጣ መጥታለች፤ እኔ ከአልጋ እስከ በር ስደርስ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው። "ደብተርሽ ይሸታል" ብዬ ወረወርኩባት። አነሳችው፣ ተቀምጣ አነበበችልኝ። የዚያን ቀን ባዮሎጂ ነበር።

ሌላው፣ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ምስጢር እንደሌለ እወቂ። ሐኪሙ የሚናገረው ለእናቴ ነው፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እንደሌለሁ። እናቴ ሳሎን ገብታ ከአክስቴ ጋር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጆሮ ይቆማል፤ ሁሉን ሰምቻለሁ። እኔ እንደማውቅ እሷ ታውቃለች፤ እሷ ማወቋን እኔ አውቃለሁ፤ ግን ቡናው ተፈልቶ ስለ በርበሬ ዋጋ ነው የምናወራው። እኔ በዚህ ሁሉ መሃል እውነቱን የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፣ ከዚያች ደብተር ከወረወርኩባት ልጅ ጋር። "ብሞት ጃኬትሽን አልመልስልሽም" እላታለሁ፣ "ከሬሳሽ ላይ ነው የማወልቀው" ትለኛለች፣ እንስቃለን። እናቴ ብትሰማን ኖሮ ሁለታችንንም በገደለችን።

ለዚህ ነው ሜሮን ዘመድ አይደለችም የሚለው ያናደደኝ። ፎዚያ እንደምትሞት ከሁሉ ቀድማ ታውቅ የነበረችው ሜሮን ናት። ቤተሰቡ ሲሸፋፍነው እነሱ ሁለቱ ሲያወሩት ነው የኖሩት። እና ስትሞት የመጨረሻዋ ሰሚ ሜሮን ትሁን? እሱን ጻፊው። ፈተናውን ሳይሆን እሱን።

አንድ ልመና ልጨምር። ፎዚያ የምትሞተው ሜሮን እንድትበስል አይሁን። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሜሮን ሕክምና ለመማር ትወስናለች ብለሻል። እኛ የሌላ ሰው ትምህርት አይደለንም።

አራሚ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:30

ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው የለም። ይህን አስተያየት አትመሽ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊው።

ዑመር ባጃጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:12

እኔ ልብ ወለድ ብዙም አላነብም፣ እህቴ ናት ሊንኩን የላከችልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አባትየው ልጅቷን ከዩኒቨርሲቲ በር ቤት የሚወስዷት በምንድነው? በባጃጅ አይደል? እንግዲያው ሹፌሩ ይነግራታል 😄 ጅማ ላይ ሰፈር ውስጥ ሞት ኖሮ የማያውቅ ባጃጅ የለም። ለቀስተኛ ስናመላልስ ነው የከረምነው። "የእነ ፎዚያ ሰፈር" ስትል ገና "አላህ ይዘንላት" ማለቴ አይቀርም። አባትየው ከኋላ ቢቆነጥጡኝም አልፏል።

የቆጪ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:25

ዑመር ወንድሜ፣ ምዕራፉን አፈረስክብኝ። ደግሞም ሠራህልኝ።

ኡሙ ሰልማ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ለቅሶው ቤት ልናገር፣ ምክንያቱም ከውጭ ሆነሽ እንዳየሽው ነው የጻፍሽው።

በእኛ ዘንድ ጀናዛ (አስከሬን) አይቆይም። ሌሊት ያረፈች ልጅ ነገ ትታጠባለች፣ ትከፈናለች፣ ይሰገድባታል፣ ትቀበራለች። እንግዲህ ሜሮን ቢነገራትም እንኳ ሴት ናት፤ በአብዛኛው ሴቶች ወደ መቃብር አንሄድም። ቤት ነው የምንቀረው። ስለዚህ "ቀብር ላይ አልተገኘሁም" እያለች የምታለቅሰው ለቅሶ ከእሷ ቤት ልማድ የመጣ ነው። የፎዚያም እናት ልጇን እስከ መቃብር አልሸኘችም። ሁለቱም ደጃፍ ላይ ነው የተሰናበቱት። ይህን ለሁለቱ አንድ ላይ ብታወሪላቸው አንጀት ይበላል።

ተዝያ (ለቅሶ ቤት) ላይ የሚመጣ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም። የሜሮን እናት የሰፈሩ እድር አባል ከሆነች መጀመሪያውኑ እዚያ ናት፤ ውሃ ስትቀዳ፣ ድስት ስትጥድ። የሚከብደው ለሜሮን ነው። እድር የሚቆጥረው አባወራና እማወራን ነው፤ ቀሪ ቢሆኑ የሚቀጡት እነሱ ናቸው። ልጅን ማንም አይቆጥርም። ብትመጣም "አንቺ ሂጂ አጥኚ" ይባላል።

የት ትቀመጥ ላልሽው፣ እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሜሮን በር ላይ ስትታይ ሴቶቹ ሁሉ ዝም ይላሉ። እናትየው ፍራሹ ላይ ናት። "ኢንተለ ኮ" (ልጄ) ብላ ትጠራታለች። ሁለት ልጅ ሲገባ ሲወጣ የለመደ ዓይን አንዷን ብቻዋን ሲያይ ነው ሰው የሚሰበረው። እናትየው እስከዚያ ሰዓት ሶብር (ትዕግሥት) አድርጋ ከሆነ፣ እዚያ ላይ አታደርግም።

ደግሞ ሜሮን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ መጣች ብለሻል። በእኛ ቤት ግዴታ አይደለም፤ ግን ማንም አያስወልቃትም፣ እንዳለ ተይው።

ጡረተኛው መምህር ከሰቃ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ኡሙ ሰልማ፣ አላህ ይስጥሽ። ይህን ከእድሬ ጸሐፊነት ነው የምመሰክረው፤ መዝገቡ ላይ "ጓደኛ" የሚል ዓምድ የለም።

የወር መርፌ፣ ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጤና ይስጥሽ፣ ልጄ።

ገና አስራ ስምንት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:33

ስለ ደብዳቤው አስቤ ነበር። ሜሮን ስልኳ ቤት ቀርቷል አይደል? ፎዚያ ግን ልማድ ስላለባት እያወቀች ቴሌግራም ላይ ትልክላታለች። ስልኩ ሲከፈት የድምፅ መልእክቶች ይገባሉ፣ አጫጭር፣ ትንፋሽ የሚቆርጣቸው። "ቡናማውን ሹራቤን ይዘሽብኝ ገብተሻል፣ ሌባ" ምናምን። ከደብዳቤው ይሻላል?

አራሚ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:36

በጣም ይሻላል። ቁም ነገር የሚያወራ አንድም መልእክት እንዳይኖርበት ብቻ።

የቆጪ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:50

ሌሊቱን ስጽፍ ነው ያደርኩት። ገና ጥሬ ነው፤ ቁራጩ ይኸው፦

*አባቷ ሻንጣዋን ከሹፌሩ አጠገብ አደረጉት። ሜሮን ገብታ ተቀመጠች። ባጃጁ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ጨርሶ ወደ አዌቱ ድልድይ ሲወርድ ሹፌሩ በመስታወቱ አያት።*

*"የት ሰፈር ነበር ያላችሁት?"*

*"ዝም ብለህ ንዳ፣ እኔ አሳይሃለሁ" አሉ አባቷ።*

*"ከእነ ፎዚያ ቤት አጠገብ" አለች ሜሮን። "አረንጓዴው በር።"*

*ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ምንም አልተናገረም። ሜሮን የተዘጋውን ሬዲዮ አየች፣ ከዚያ የአባቷን እጅ አየች፤ የባጃጁን ብረት የጨበጠው እጅ ጅማቱ ተገትሯል።*

*"መቼ?" አለች።*

*"ልጄ፣ መጀመሪያ እቤት..."*

*"አባዬ፣ መቼ?"*

*"ማክሰኞ ሌሊት።"*

*ረቡዕ ጠዋት ምን ተፈተንን ብላ አሰበች። ሒሳብ። አስቸጋሪ ጥያቄ መጥቶ፣ ይህን ለፎዚያ አሳያታለሁ ብላ በልቧ ይዛው ነበር። አሁንም ታስታውሰዋለች፣ ቁጥሮቹን ሳይቀር።*

*"አውርደኝ" አለችው ሹፌሩን።*

እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት። ወርዳ በእግሯ እነ ፎዚያ ቤት ትሄዳለች፤ አባቷ ሻንጣውን ተሸክመው ከኋላ ይከተሏታል። ጎህ ሲቀድ የሚመጣው የጎረቤት መርዶ ቀረ። የሕክምና ትምህርቱም ቀረ። ደብተር የመወርወሩን ትዕይንት ለመጠቀም ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ የወር መርፌ፤ እምቢ ካልሽኝ አልነካውም።

ዑመር ባጃጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:02

ሬዲዮ መዝጋቱ ልክ ነው። እንደዚያ ነው የምናደርገው። የባጃጁን ሒሳብ ግን አይቀበላቸውም፣ እሱን ጨምሪ።

ጡረተኛው መምህር ከሰቃ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:40

ጥሩ ተጽፏል። እኔ ግን አሁንም ከአባትየው ጋር ነኝ። መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ መርዶ አይሰማም። ቢያንስ ሻንጣውን ተሸክመው ሲከተሏት አንድ ነገር ይበሉ፤ ዲዳ አታድርጊያቸው። ሰውየው ያን ሁሉ ቀን ይህን ይዘው እንቅልፍ አልተኙም።

ገና አስራ ስምንት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:30

ጋሼ፣ በዚህስ እስማማለሁ። እሳቸውም ይናገሩ።

የወር መርፌ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:18

ፈቅጃለሁ። ትምህርቱን ግን ቀይሪው፣ ባዮሎጂ አይሁን፤ ጓደኛዬ ካነበበችው ታውቀኛለች። ወይም ተይው፣ ታውቀኝ።

ነርስ ነኝ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:00

የማክሰኞ ሌሊቱን ምዕራፍ ስትጽፊ ከመለጠፍሽ በፊት ላኪልኝ። ትራሶቹን፣ መስኮቱን፣ ማን ከጎኗ እንደነበረ አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም።